ያልተነካችው የግፊት ቁጥር

የሺሃረግ በየጠዋቱ የኮምፒውተር ክፍሉን ስትከፍት፣ መጀመሪያ መዳፏን ጥግ ላይ ባለው ማሽን ጎን ላይ ታሳርፋለች። ከሞቀ ሌሊቱን ሲያሰላ አድሯል፤ ከቀዘቀዘ መብራት ሄዶ ነበርና የተቋረጠው ስሌት እንደ አዲስ ይጀመራል።

ማሽኑ የሚያሰላው ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በሞተር ውስጥ እንዴት እንደሚቃጠል ነው፤ የትኛው ሞለኪውል በምን ፍጥነት ተሰንጥቆ ወደ ምን እንደሚለወጥ፣ ቅይጡም በግፊት ግሎ መቼ በራሱ እንደሚነድ። ያለጊዜው ሲነድ ነው ሞተር የሚያንኳኳው።

አሰላ ኮሌጅ እያስተማረች አዲስ አበባ ዶክትሬቷን ስትማር ስድስት ዓመቷ ነው። ጊዜው ሁለቴ ተራዝሞላታል፤ ሦስተኛ የለም። ሰኔ አሥራ ሰባት የመመረቂያ ጽሑፏን ካላስረከበች ስድስቱን ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው።

በኮሌጁ ወርክሾፕ በተሞከረው ሞተር ውስጥ ቅይጡ የነደደው ስሌቱ ከሚለው ዘግይቶ ነበር። ልኬቱን ደጋግማ አይታዋለች፤ እንከን የለውም። ስለዚህ ጥፋቱ የኬሚስትሪው ነው ብላ፣ ስምንት ወር ሙሉ የለውጦቹን ፍጥነት አንድ በአንድ ስትቀንስ ከረመች። በመጨረሻ ሁለቱ ገጠሙ። አራት ምዕራፍ ጻፈችበት።

ሰኔ ስምንት ቀን ወርክሾፑ ስትገባ ሙከራውን አብሯት የሠራው አሮጌው ቴክኒሻን ቱፋ አንድ ቶዮታ ላይ አጎንብሷል።

«ምን ሆኖ ነው፣ ጋሼ ቱፋ?»

«ምንም። ከናዝሬት የመጣ ነው። እንደ ባለቤቱ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረው።»

ባለቤቱ ከኋላ «አቦ፣ እኔን ተወኝ» አለ።

«ታይሚንጉን አስቀድምለታለሁ፤ ሻማው ቀደም ብሎ እንዲለኩስ» አለ ቱፋ። «ታች ቢሆን ያንኳኳ ነበር። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ያለጊዜው አይነድበትም። ከናዝሬት ለወጣ ሁሉ የምናደርገው ነው። አንቺ ይህን አታውቂም እንዴ?»

ታውቃለች። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ታስተምረዋለች። ክፍሏ ተመልሳ ከውጭ አገር የመጣውን የስሌት ፋይል ከፈተች። ሦስተኛው መስመር ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፍ ግፊት ነው፤ ከአሰላው በሲሶ ያህል ይበልጣል። በስድስት ዓመት አልነካችውም። አስተካከለችው፤ የኬሚስትሪውንም ቁጥሮች ወደ ጥንቱ መለሰችና አንዱን ስሌት ሞከረች። ከልኬቱ ጋር ገጠመ። የቀሩት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው።

ለአማካሪዋ ለዶክተር ግዛቸው ደወለች።

«ሁሉን እንደገና ለማስላት ስንት ቀን ይፈጃል?»

«መብራት ካልሄደ ሃያ።»

«ያለሽ ዘጠኝ ነው።»

«የተጻፈውን እንዳለ ላስረክበው?»

«ስህተት መሆኑን ነገርሽኝ እኮ፣ የሺ። አሁን እኔም አውቃለሁ። እንዴት አድርጌ ልፈርምበት?»

«ሌላ የሚደረግ ነገር የለም?»

«እኔ የማውቀው የለም።»

ስልኩን ዘግታ ስሌቱን ከመጀመሪያው አስነሳችው። የሚያልቀው ሰኔ ሃያ ስምንት ነው። ሰኔ አሥራ ስምንት ስሟ ከተማሪዎች መዝገብ ይሰረዛል።