የውኃ ፓምፑ ያላጠፋው ጥፋት

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት የፊዚክስ መምህራችን አራት ተማሪዎችን ለሙከራ ወደ ጥናት ቡድናቸው አስገቡ። አንዷ እኔ ነበርኩ። ሥራው የሆነለት ቡድኑ ውስጥ ይቆያል፣ ያልሆነለት ይወጣል። መቆየት ፈልጌ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።

ሥራችን ከባሕር ማዶ ያለ የስበት ሞገድ መመርመሪያ የሚልከውን መረጃ ማጥራት ነበር። መሣሪያው ከሩቅ ሰማይ የሚመጣ እጅግ ረቂቅ ንዝረት ያደምጣል፤ ግን ነፋሱም፣ መኪናውም፣ ሞተሩም ይረብሸዋል። ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ረብሻ ግሊች እንለዋለን። ግሊቹ በታየበት ሰከንድ መሣሪያው ባለበት ግቢ ውስጥ ምን እንደተንቀጠቀጠ መፈለግ የእኛ ፋንታ ነው። መምህሩ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ "የግቢው ሠራተኞች የሚጽፉት መዝገብ አይበቃም። ንዝረቱን የሚለካውን ሴንሰር ቅጂ ከፍታችሁ እዩ።"

የደረሱኝ ግሊቾች በየቀኑ 3 ሰዓት ገደማ ይመጣሉ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሆኜ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳለ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። የሠራተኞቹን መዝገብ ግን ማታ አምቡሊ ሰፈር፣ እቤት ሆኜ ነው የገለበጥኩት። አያቴ ከሐበሻ አገር ወደዚህ የወደብ ከተማ ለባቡር ሥራ ከመጣ ጀምሮ እቤታችን ሰዓት የሚቆጠረው በሐበሻ ነው፤ የግድግዳው ሰዓት እንኳ ከከተማው ጋር አይገጥምም። መዝገቡ "ፓምፕ ተነሣ፣ 9 ሰዓት" ይላል። እጄ "ፓምፕ፣ 3 ሰዓት" ብሎ ጻፈ። ጠዋት ዘጠኝን ሦስት ለማለት እኔ ማሰብ አያስፈልገኝም።

በማግስቱ ሁለቱን ገጾች ሳስተያይ ገጠሙ። የሴንሰሩን ቅጂ በእኛ ኢንተርኔት ማውረድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አልጠበቅኩም።

"ሙሴ፣ አገኘሁት! የውኃ ፓምፑ ነው" አልኳቸው መምህሩን፤ በፈረንሳይኛ ልማድ ሙሴ ነው የምንላቸው።

"ሴንሰሩን አየሽ?"

"አዎ" አልኩ። ደስ እንዲላቸው ነበር። ደስም አላቸው። ያኑ ዕለት ወደ ባሕር ማዶ ጻፉ።

በአራተኛው ቀን ለስብሰባ የሚሆን፣ የፓምፑን ንዝረት የሚያሳይ ሥዕል አዘጋጂ አሉኝ። ያኔ የሴንሰሩን ቅጂ አውርጄ ከፈትኩ። 3 ሰዓት ላይ መስመሩ ጸጥ ብሏል። ፓምፑ የሚንቀጠቀጠው 9 ሰዓት ላይ ነው። አየር በሚያራግበው ቬንቲላተር ስር ቁጭ ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

ከአራታችን አንዷ የሆነችው፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ሶማሊያዊት ጓደኛዬ ፊቴን አይታ "ምነው፣ ፓምፑ ዋጠሽ እንዴ?" አለች።

"ፓምፑ አይደለም።"

ደብተሩን አሳየኋት፤ አንዱ 3 ሰዓት የከተማው፣ ሌላው 3 ሰዓት የቤቴ። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው።

"ዝም በያ! ማን ያያል?"

"እሳቸው ያዩታል።"

"እንግዲያ ሳያዩት ንገሪያቸው፣ አንቺ ሞኝ።"

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"የሰዓቱን ስሕተት አርመዋለሁ፤ ማንም ይሳሳታል" አሉ። "አየሁ ያልሽኝንስ?"



በስብሰባው ላይ ራሴ እንድናገር አደረጉኝ። ስክሪኑ ላይ ያሉት የባሕር ማዶ ሰዎች በትሕትና ሰሙኝ። አንደኛው በእኔ ቃል ተማምነው ፓምፑን ሁለት ቀን ሙሉ አጥፍተው እንደነበር፣ ግሊቹም እንዳልቀረ ተናገረ። ሰንጠረዡ ላይ "ፓምፕ" የሚለው ተሰርዞ "ያልታወቀ" ተባለ። ስብሰባው አልቆ ስንወጣ መምህሩ በዝግታ "ለዘንድሮ ይበቃሻል" አሉኝ።

የግሊቾቼን ዝርዝር ለጓደኛዬ አስረከብኩ።

"ከየት ልጀምር?" አለች።

"ከመጀመሪያው። እኔ የጻፍኩትን አትመኚ።"

ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ወጣሁ።