የጽጌ እናት ለቅሶ

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ዓለም ገና ውስጥ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ባለችው አንድ ክፍል ጽጌ ነበረች። አዲስ አበባ አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ በአጭር ልብስ ወገቧን እያውረገረገች ትጨፍራለች። ለጎረቤት ደብቃም አታውቅም። ጠዋት እኛ ደብተራችንን ይዘን ስንወጣ እሷ ከታክሲ ወርዳ ትገባለች፤ ከሰዓት የሚያብረቀርቁ ቀሚሶቿን አጥባ ስታሰጣ የሳሙናው ሽታ ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወትበት ድረስ ይመጣል። እናቴ "ወደዚያ ገመድ እንዳትጠጊ" ትለኝ ነበር፤ ልብሱ ራሱ በሽታ የሚያጋባ ይመስል።

አንድ ክረምት ጽጌ እናቷን ለሕክምና ከትውልድ አገሯ ከተጂ አመጣቻቸው። እማማ ዲንቄ ቀጭን፣ ሳቂታ እናት ነበሩ፤ አማርኛውን ከኦሮምኛ እየቀላቀሉ ያጫውቱናል። ልጃቸው ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት የምትሠራ ነበር የሚመስላቸው። "ሌሊቱን ስትሠራ አድራ፣ ደከማት ልጄ" ይላሉ። ግቢው ሁሉ እያወቀ ማንም አልተነፈሰም፤ የሴቶች ዕድር ሰብሳቢዋ እትዬ በላይነሽ እስኪመጡ ድረስ።

እትዬ በላይነሽ ብርቱካን ይዘው ነው ሊጠይቋቸው የመጡት። ጤና ከተጠያየቁ በኋላ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ "እማማ፣ ልጅዎ እርቃኗን እየጨፈረች በምታመጣው እኮ ነው የሚታከሙት። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔ ልንገርዎ ብዬ ነው" አሏቸው። እኔና እናቴ በሩ ላይ ቆመን ነበር። እማማ ዲንቄ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጽጌ እጅ አልበሉም፤ መድኃኒቱንም አልዋጡም። "እማዬ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ጉረሺልኝ" እያለች ስታለቅስ በግድግዳው በኩል እንሰማለን። "ወደ አገሬ መልሺኝ" ብቻ ነበር መልሳቸው። ሳይመለሱ እዚያችው ክፍል ውስጥ ሞቱ።

ድንኳን አልተጣለም። እትዬ በላይነሽ "የሚያጨበጭቡላት ወንዶች ይቅበሩላት" ሲሉ ሴቶቹ ሳቁ። እናቴም ሳቀች። እዚያ ክበብ ያመሻሉ የሚባሉት የሰፈራችን ወንዶች የዚያን ዕለት ሁሉም ሥራ በዛባቸው። ኦቦ ገመቹ ግቢው መሃል ቆመው "ዋቃዮ! ሰው እኮ ነው የሞተው! እናንተ አትሞቱም?" ብለው ጮኹ።  ከልጆቻቸው ጋር ሬሳውን ተሸክመው ወጡ፤ ጽጌ ብቻዋን ተከተለቻቸው። ከቀብር ስትመለስ እጇን የሚያስታጥባት እንኳ አላገኘችም። ሳምንት ሳይሞላ ቤቱን ለቀቀች። ወዴት እንደሄደች የጠየቀ የለም።

ባለፈው ጥር ሰበታ፣ የእትዬ በላይነሽ የልጅ ልጅ ሠርግ ላይ ተጠርቼ ነበር። ለሠርጉ የተቀጠሩት ጨፋሪዎች እምብርታቸውን አውጥተው ወገባቸውን ሲያውረገርጉ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ ስልኩን አውጥቶ ያልቀረጸ የለም። እትዬ በላይነሽ ሰው ደግፏቸው ተነሡና አንደኛዋ ግንባር ላይ ብር ለጠፉ።

"የወለደችሽ እናት ትባረክ!" አሏት።

ሲቀመጡ ጠጋ ብዬ "እትዬ፣ ጽጌን ያስታውሷታል?" አልኳቸው።

"የቷን ጽጌ?" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ።

ለጨፋሪዋ ልጅስ ደስ ብሎኛል። እናቷ ይሄኔ ቪዲዮዋን ለጎረቤት እያሳየች ትኮራባት ይሆናል። እማማ ዲንቄ ግን የልጃቸውን እጅ እንደተጸየፉ ነው የሞቱት።