ባለ አንድ ቀለበቱ ሜዳ

የቲቸር ይታገሱን ደብተር ሳላቃጥለው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል! በ1997 ዓ.ም. ቡታጅራ ላይ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ያሠለጥነን ነበር። ልምምዱን በደቂቃ ነው የሚከፋፍለው፤ ማሟሟቂያ አሥር፣ ቅብብል አሥራ አምስት፣ ውኃ ሁለት። በሦስተኛው ደቂቃ ውኃ ስትጠጣ የተገኘች ወዮላት።

ሜዳችን ላይ ግን ያለው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። የወዲያኛው ከወደቀ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ዋናው ልምምዳችን የተሳተች ኳስ ቀልቦ እዚያው መልሶ መወርወር ሆነ። "ያዢ! መልሺ!" እያለ በየቀኑ ሃያ አምስት ደቂቃ ይጮኽብናል።

"ቲቸር፣ ጨዋታ ላይ እኮ አንዱ ቀለበት የራሳችን ነው" አልኩት።

"ፈቲሀ፣ ለወሬ የመደብኩት ደቂቃ የለም።"

ኳሷን ቀልቤ መለስኩ። ምን ላድርግ?

ከሁላችንም ጎበዟ ሳሌሃ ነበረች። አባቷ ጋሽ ጀማሉ ነጋዴ ናቸው። "ወልቂጤ ሄዳችሁ ካሸነፋችሁ ትጫወት፤ ከተሸነፋችሁ ግን ኳስ የሚባል ነገር እንዳልሰማ፣ ሱቅ ትገባለች" ብለው ቆርጠዋል። ልጅቷ ወልቂጤ እስክንደርስ መኪና ውስጥ ኳሷን አቅፋ ተቀመጠች።

ሃያ ስምንት ለሃያ ሰባት እየመራን ጥቂት ሰከንድ ቀረ። ወልቂጤዎች ወረወሩ፤ ሳቱ። ሳሌሃ ከሁሉም በላይ ዘላ ኳሷን ያዘች። እሰይ! አልኩ። እሷ ግን እዚያው፣ በራሳችን ቀለበት ላይ መለሰቻት። ገባች።

ፊሽካው ተነፋ። ሳሌሃ ሜዳው ላይ ቁጭ ብላ "ጉዴ ፈላ፣ ጉዴ ፈላ" ትላለች። እኔ ደሜ ፈልቶ ቲቸርን ልናገረው ሄድኩ። ደብተሩን ገልጦ እያነበበ ነበር፤ "ያዢ! መልሺ!" የሚለውን መስመር በጣቱ ደጋግሞ ይከተላል። ተውኩት።

ቡታጅራ ስንደርስ ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ወደ ጋሽ ጀማሉ ሱቅ አመራ። እኛም ተከተልነው።

"ተሸነፍን፤ ልጅዎ በራሳችን ላይ አገባች" አላቸው።

ጋሽ ጀማሉ ሳሌሃ ላይ አፈጠጡ። ቲቸር ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ዘረጋላቸው። "ጥፋቱ የኔ ነው። ይኸው፣ በገዛ እጄ ጽፌ ያስተማርኳት ይሄንን ነው። የታዘዘችውን ነው የሠራችው። መቅረት ያለበት ሰው ካለ እኔ ልቅር።"

ደብተሩን አገላበጡት። ሳሌሃ እጄን ጨምቃ ልትሰብረው ደረሰች።

"የታዘዘችውን?" አሉ በመጨረሻ። "ወላሂ፣ እቤት አንድ ቀን ታዝዛልኝ አታውቅም! እኔም ደብተር ሳያስፈልገኝ አይቀርም።" ደብተሩን መለሱለት። "ሰኞ ትመጣለች።"

ሰኞ ቲቸር አዲሱን ዕቅድ አሳየኝ። ማሟሟቂያ አሥር። ከሥሩ "ፈቲሀ ትናገር፣ አምስት ደቂቃ" ይላል። ሰዓቱን አየና "ጀምሪ" አለኝ። ስንት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር! እንባዬ ቀደመኝና አምስቱ ደቂቃ አለቀ።