ጎማ የተሰፋበት የቦክስ ጫማ

ባሌ ካረፈ ወዲህ ለመጻፍ ስቀመጥ ሁለት መስመር ሳልጨርስ እደክማለሁ። ትቼው እነሣና በማግሥቱ እመለሳለሁ። የምጽፈው ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ለሌላ ሰው ጫማ ነው፤ የእኛ ኑሮ ግን እዚያ ላይ ተሰናክሎ ወደቀ፣ ከዚያም አልተነሣም።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ባሌ ከወታደርነት ተሰናብቶ ቆቦ ወደ አባቱ ግቢ ተመለሰ። መሬቱን ወንድሞቹ ተከፋፍለውታል፤ ለእኛ የቀረን ጎጆ መቀለሻ ብቻ ነበር። ከጦር ሰፈር ይዞት የመጣው ሙያ አንድ ነው፤ ቦክስ። ጫማውም አብሮት መጣ፤ ጥቁር፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ በክር የሚታሰር፣ ሶሉ ስስ ቆዳ።

ዝናቡ በቀረበት ዓመት፣ ማሽላው ሳያፈራ በቁሙ ሲደርቅ፣ የቀድሞ አዛዡ በአውቶቡስ ሾፌር መልእክት ላከበት። ደሴ ላይ ውድድር አለ፤ ካሸነፍክ እዚሁ አሠልጣኝ ሆነህ ትቀጠራለህ፣ ቤትም ይሰጥሃል የሚል ነበር። እኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ነበር። ከዚያ ግቢ የምንወጣበት ሌላ በር አልነበረንም።

ልምምድ ጀመረ። ጎህ ሲቀድ በመኪናው መንገድ ወደ ጎብዬ አቅጣጫ ይሮጣል። በሬ ባይኖረንም የበሬ ጠፍር ነበረን፤ እሱን እንደ ገመድ እያዞረ ይዘላል። ጆንያ በአሸዋና በገለባ ሞልቶ ቁርቁራው ዛፍ ላይ ሰቅሎ ይደበድበዋል። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ከአየሩ ጋር ይቧቀሳል።

ጎረቤታችን በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «አንቺ፣ ባልሽ ከማን ጋር ነው የሚጣላው?» አለችኝ።

«ከማንም።»

«እኮ! ማንም በሌለበት የሚጣላ ሰው ጠበል ነው የሚወሰድ።»

እሱ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «እትዬ፣ ጂኒውን እየጣልኩት ነው፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አላት። ያን ቀን የሳቅነውን ሳቅ አሁን ሳስበው የሌላ ሰው ይመስለኛል።

አብዝቶ የሚለማመደው የእግር ሥራ ነበር። ቡጢ በሰነዘረ ቁጥር በእግሩ ጣቶች ላይ ቆሞ፣ አንበጣ እንደሚጨፈልቅ ሰው እግሩን ያሽከረክራል። «ቡጢ ከትከሻ የሚነሣ ይመስልሻል» አለኝ አንድ ጧት፤ «ከመሬት ነው። እግር ሲዞር ወገብ አብሮ ይዞራል። እግር እምቢ ካለ ጉልበት ይከፍለዋል።»

በዚሁ ሽክርክሪት ሶሉ ተበሳ። ገበያው ዳር ተቀምጦ ከመኪና ጎማ በረባሶ ለሚሠራ አንድ ሽማግሌ ጫማውን ሰጠውና፣ «ስስ ቆዳ ይሁንልኝ፣ አባባ» አለው።

የእኛ ቆላ ሰው የሚያውቀው ግን ትግል ነው። ጎረምሶች ውሃው በደረቀበት ወንዝ አሸዋ ላይ በባዶ እግራቸው ይያያዛሉ፤ እግሩ ከመሬት የተነቀለ ይወድቃል። ስለዚህ ለትግል የሚሄደውን ልጅ ሲመርቁት፣ «እግርህን መሬት ይያዝልህ» ይሉታል።

ሁለታችንን ደሴ የሚወስደን አውቶቡስ ሊነሣ ሲል ሽማግሌው ጫማውን በጨርቅ ጠቅልሎ እያለከለከ መጣ።

«ማሻአላህ፣ ደረስኩብህ! ቆዳማ ምን ይሠራል? ደሴ ድረስ ሄዶ በስስ ቆዳ የሚቆም ወንድ አለ? የጭነት መኪና ጎማ ነው፣ ወላሂ፣ ካልተነካው ነው የቆረጥኩልህ። ያ ደሴ ያለው ሰውዬ ከነተራራው ቢመጣ አይነቅልህም!»

ሊሸኘን የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ፣ «እግርህን መሬት ይያዝልህ» አለ፤ ሰዉም አሚን አለ። ባሌ ጫማውን ገልብጦ ጎማውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ።

መንገድ ላይ፣ «ምነው?» አልኩት።

«ጎማ አይዞርም።»

«እናስነቅለዋ።»

«እስከ ውስጥ ሰፍቶታል። ከተነቀለ ጫማው አብሮ ይሄዳል።»

ደሴ ደርሶ የሚዋሰው ጫማ ፈለገ፤ ለእግሩ የሚበቃ ጠፋ። በባዶ እግሬ ልግባ ቢላቸው አይፈቀድም አሉት።

ከወታደሮች ሚስቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አየሁት። በመጀመሪያው ዙር እግሩን ሳያዞር፣ በክንዱ ብቻ ተጫወተ፤ እየመራም ነበር። በሁለተኛው ዙር ተጋጣሚው ጓንቱን አወረደ። ባሌ ያን ሁሉ ጧት የለመደውን አደረገ፤ ቀኙን ሰነዘረ። ገላው ዞረ። እግሩን መሬት ያዘው። ድምፅ አልሰማሁም፤ አፉ ሲከፈት ብቻ አየሁ።

አዛዡ፣ «አይዞህ፣ ጉልበትህ ሲድን ና» አለው። ወጌሻው ከአንዴም ሁለቴ አሸው፤ አልዳነም። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ገና ቆቦ እንደተመለስን፣ ጉልበቱ ታስሮ ተኝቶ ሳለ ሽማግሌው እርጎ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። አጠገቡ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጎማዬስ? ያዘልህ?» አለው።

«ያዘልኝ፣ አባባ። እንዳሉት አድርጎ ያዘልኝ።»

«አልሀምዱሊላህ! ጥፋቱ የጫማው እንዳይሆን ፈርቼ እኮ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«የጉልበቴ ነው። አብሽሩ።»

ሽማግሌው እየመረቀ ወጣ። ባሌ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንዳትነግሪው» አለኝ። አልነገርኩትም። እርጎውንም ጠጣነው፤ ርቦን ነበር።

ልጃችን እዚያው ግቢ ተወለደ። ጡቴ ደርቆ ነበር፤ ክረምቱን አላለፈም። ደሴ ብንሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ጮክ ብለን አልተጠያየቅንም። ሌላም ልጅ አልመጣም። ባሌ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ፤ እግሩን ወደ ጎን አጥፎ በር ላይ እንደተቀመጠ አረጀ። ቢያማርር እወድ ነበር። ሽማግሌውን አንዴ ቢረግመው እኔም አብሬው እረግም ነበር፤ ምናልባት ይቀለን ነበር። እሱ ግን ገበያ ላይ ባገኘው ቁጥር እየተጎተተ ሄዶ ትከሻውን ይስመው ነበር።

በሞተ ጊዜ የገነዙት ሰዎች ያን ጉልበት ሊያቃኑት ታገሉ። አልቃና አላቸው። አንደኛው ከላይ ሆኖ ሊጫነው ሲል፣ «ተወው፣ ያመዋል» አልኩ። ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ ወጥተው፣ ጉድጓዱን በስተቀኝ በኩል አስፉት ብለው ሰው ላኩ።