አራት ጣት

ባለፈው እሁድ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ የአባባን መኪና ሳጥብ፣ ሳላስበው እጄን ከኋላ ጎማዋና ከላዩ ካለው ፓራፋንጎ መሃል ሰደድኩ። አራት ጣቴ ልክክ ብሎ ገባ። የጎረቤት ልጆች ‹‹የመኪናም ትኩሳት ይለካል እንዴ?›› ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ልቤ ግን ወደ አምናው ክረምት ሄዶ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ አምና ግን እዚያው መንበሩ ላይ ነበር። ጎፋ ውስጥ ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈሱት ልጆች ከኳስ ሜዳ፣ ከዳቦ ሰልፍ፣ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ነበር የሚለቀሙት። ከእኛ ቀጥሎ ካለው ግቢ የተወሰደው ልጅ በሦስት ወሩ መርዶው መጣ። ከዚያ በኋላ ታላቅ ወንድሜ ተክሌ ሃያ ቀን ከቁም ሳጥን ጀርባ ኖረ። ሲያስለው ውጭ እንዳይሰማ እማዬ ድስት ታንኳኳለች።

የቀረን ተስፋ ቡታጅራ አጠገብ ያለችው አክስታችን ቤት ብቻ ነበር። መንገዱ ላይ ደግሞ ከለቡ ማዶ ኬላ አለ። ጠባቂዎቹ ቡናና እህል ደብቆ የጫነን መኪና የሚለዩት ጎንበስ ብለው አቋሙን በማየት ነው። ኋላዋ ዝቅ ያለችውን ያስከፍቷታል፤ ቀጥ ብላ የቆመችውን፣ በተለይ ዝናብ ካለ፣ ገመዱን አውርደው ያሳልፏታል። አባባ ‹‹እሜቴ›› የሚላት የእኛዋ አሮጊት መኪና ደግሞ የሚሸከማት ሞላዋ ደክሞ፣ ባዶዋን እንኳ ቂጧ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ተክሌን ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ደብቆ እንዲያ ሆና ኬላ መቅረብ፣ ልጁን በእጅ እንደማስረከብ ነው።

አባባ ከሶማሌ ተራ ሁለት ሞላ ገዝቶ መጣ። በክሪክ አነሣናት፤ እኔ ቁልፍ እያቀበልኩ አሮጌዎቹን አወጣን። ጎን ለጎን ስናቆማቸው አሮጌው ከአዲሱ በሁለት ጣት ያጥራል። ለካ ብረትም ይደክመዋል! ገጥመን አወረድናት። ተክሌ ከኋላ ተጣጥፎ ገባ፤ እኔና እማዬ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አባባ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ጣቱን ሰዶ ለካ። አራት ጣት!

‹‹ባዶ መኪና የምትቆመው እንዲህ ነው! እሜቴ ኮረዳ ሆነች!››

‹‹አንተ ሰውዬ፣ ድምፅህን ቀንስ፤ ልጄን ልታስበላ ነው?›› አለች እማዬ።

በማግስቱ ጠዋት ያካፋል። እማዬ በሶ ቋጥራ ተክሌ ጉያ ውስጥ ወሸቀችለት። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ በያንዳንዱ ጉድጓድ ከጀርባዬ ትንፋሹ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ለቡን አልፈን ኬላው ከሩቅ ሲታይ፣ አንዲት በቆሎ ጠባሽ ጥላ ዘርግታ ከተቀመጠችበት አባባ ቆመ።

‹‹ውረጂና እያት›› አለኝ።

ጫማዬን የማስር መስዬ እጄን ሰደድኩ። ሁለት ጣት። ሦስተኛው አልገባም።

ስነግረው የአባባ ፊት አመድ መሰለ። ‹‹ጎሚኒው!›› አለ፤ የጎማውን ክንድ የሚይዘው ላስቲክ ነው። ‹‹ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ አጠበቅኩት። ትናንት ቀና አድርጎ የያዛት እሱም ጭምር ነበር፤ ይኸው መንገዱ አላቀቀው። መሬት አሳርፌ፣ ነድቼ፣ ከዚያ ነበር መለካት! ልጄን በገዛ እጄ…››

‹‹እንመለስ›› አለች እማዬ።

‹‹አይተውናል። አሁን ብዞር ይከተሉናል።››

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ሞላ የሚያውቀው ክብደት ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

‹‹እኔና እማዬ እንውረድ›› አልኩ።

እማዬ ወረደች። ልጇን ደህና ሁን ማለት አትችልም። ጭቃ እንደምትጠርግ ሆና በነጠላዋ ጫፍ የኋላ ኮፈኑን አንዴ አበሰችው፤ ደግማ አበሰችው። እጄን ሰደድኩ፤ አራተኛው ጣቴ እየተጋፋ ገባ። ‹‹ሂድ፣ አባባ!››

‹‹በቆሎ ልትገዙ ነው ወይስ መኪና ልትሸኙ?›› አለችን ጠባሿ። ሁለት ገዛን።

ጠባቂው ካፖርቱን ሰብስቦ ጎንበስ አለ። ቆየ። ጎማውን በዱላው መታ መታ አደረገ። እማዬ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ ገመዱ ወረደ፣ እሜቴም አለፈች። ጎፋ ድረስ በእግራችን ስንመለስ በቆሎው እማዬ እጅ ላይ ቀዘቀዘ፤ አንድ ፍሬ አልፈለፈለችም።

ተክሌ የተመለሰው ከዚያ እሁድ በፊት ባለው ሐሙስ ነው። ጢም አብቅሏል፤ የአክስታችን ቆጮም አወፍሮታል። እኔ ዓመቱን ሙሉ በዚያች ብልሃቴ ስኮራ ነው የከረምኩት። እሱ ግን እንዲህ አለኝ፦ ‹‹ጨለማ ውስጥ ነኝ፤ የምትሉት አይሰማኝም። ብቻ መኪናዋ ብድግ ስትል ታወቀኝ። እንደወረዳችሁ ያወቅኩት በዚያ ነው። ያን ጊዜ አለቀስኩ።››

እሁድ ዕለት ይኼንኑ እያሰብኩ እጄ ጎማው ላይ እንዳለ፣ ተክሌ መጣና በሩን ከፍቶ የኋላ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ፓራፋንጎው ቀስ ብሎ ጣቶቼ ላይ ወረደ።

‹‹ስንት ሆነ?›› አለኝ በመስኮት።

‹‹ሦስት።››

እጄን ግን ቶሎ አላወጣሁም።