ልጄ ትንፋሿ ዘይቱን የሸተተ ዕለት

ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ላርስላት ጎንበስ ስል ትንፋሿ አፍንጫዬን መታኝ። ከዛፍ ወድቆ እንደ ሰነበተ ዘይቱን ይሸታል። ሽታውን አውቀዋለሁ! ስኳር በሽታዋ የታወቀ ዕለት፣ አባቷ ተሸክሟት ባሕር ዳር ሆስፒታል ስንሮጥ፣ ትንፋሿ እንደዚሁ ነበር።

አባቷን ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ላይ ትተን፣ ጥምቀትን እናቴ ዘንድ ልንውል ከጣና ማዶ ቁንዝላ መጥተን ነበር። የእንሱሊን መርፌዋን አልረሳሁም፤ ሙቀት እንዳያበላሸው ብልቃጡን ጠቅልዬ ከውኃ ገንቦው ጥግ አኑሬዋለሁ። በበዓሉ ማግስት ጉንፋን ገባ። የመንደሩ ልጅ ሁሉ አስነጥሶ ወደ ጨዋታው ሲመለስ የኔዋ ተኝታ ቀረች። እህል አልቀምስ አለች፤ የቀመሰችውንም ታስመልሰዋለች።

ሆስፒታል ሲያስተምሩኝ «ሳትበላ እንዳትወጊያት፣ ስኳሯ ወርዶ ትወድቅብሻለች» ብለውኛል። እኔ ፊደልን በመሠረተ ትምህርት የለቃቀምሁ ሴት፣ የነገሩኝን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ። ልጅ ካልበላች መርፌ የለም፤ አልወጋኋትም። እናቴ ደግሞ ለጉንፋን የምታውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ማር።

«እምዬ፣ ማር አይሆናትም ብዬሻለሁ!»

«ባዶ አንጀቷን ውላ፣ ይቺ በጣት የምትላስ ትገድላታለች? ጉንፋን ማርን ይፈራል፣ ዝም በይ!»

የልጄን የሰረጎደ ጉንጭ አየሁና ማሩን እንድታስልሳት ተውኋት።

አሁን ግን ዳገት እንደ ወጣ ሰው በረጅሙ ትተነፍሳለች። ቅሉን ጨልጣ «እማ፣ ውኃ» ትላለች። መርከቡ የሚመጣበት ቀን አልነበረም፤ በየብሱም መኪና የለም። የቀረን የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሞተር ጀልባ ነው፤ እሱም ያለ ቀበሌው ሊቀመንበር ፈቃድ ከዳር አይነቃነቅም። ሊቀመንበሩ ደግሞ ስብሰባ ላይ። ሮጥሁ! በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጥበቃ ነጠላዬን ያዘኝ፤ ነጠላው በእጁ ቀረ፣ እኔ ገባሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጄ ልትሞት ነው፣ ጀልባውን ይፍቀዱልኝ!»

«ስብሰባው ሲያልቅ ነይ... ኧረ አንቺ ሴት፣ ቆይ!»

«ስብሰባው ነገም አለ! ልጄ ግን ነገ የለችም!»

ከኋላ አንዲት ባልቴት «እውነቷን ነው፣ እናንተዬ፣ ስብሰባ መቼ አልቆ ያውቃል?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩም ሳቁን እየዋጠ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫረና ማኅተሙን መታበት።

ጀልባ ነጂው የዚያው የሐይቁ ዳር እስላም ነው። «ቢስሚላህ» ብሎ ገመዱን ሲስበው ሞተሩ አጓርቶ ጠፋ። የኔም ልብ አብሮ ጠፋ። ደግሞ ሳበው፤ ተነሣ! ጣና ለሁለት ተሰነጠቀልን። ውኃው ፊታችንን ይገርፈናል፤ እኔ ልጄን ታቅፌ በሩቅ ለሚታየው ደሴት ታቦት ሁሉ ስለት እሳላለሁ።

«እቱ፣ ወርደሽ ልትገፊው ነው እንዴ? ቁጭ በይ እንጂ!» አለ ነጂው።

ለካ ወደ ፊት ተንጋድጄ በደረቴ ጀልባውን እየገፋሁ ኖሯል።

«ስለትሽን ለነዳጁም ጨምሪበት፤ እኔም በበኩሌ ዱዓዬን ይዣለሁ።»

በጭንቅ መካከል ሳቄ አመለጠኝ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። የጋሪው ፈረስ እንደኔው የቸኮለ ነበር፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ጣለን። ሲስተሯ የልጄን ትንፋሽ ገና ስታሸት ሰው ጠራች። ወዲያው ጠርሙስ ተንጠለጠለ።

«ጉሉኮስ?! ስኳር እኮ ነው ያለባት!» ብዬ እጇን ያዝሁ።

«ጨውና ውኃ ነው፣ እናቴ። ልቀቂኝና ልሥራ።»

እንሱሊኑን ወጋቻት። ቆይታ ደግሞ አጠገቤ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «ጉንፋን ሲገባ ሰውነት ለውጊያው ጎተራውን ይከፍታል። እህል ባትቀምስም ስኳሩ ከራሷ አካል ወጥቶ ደሟን ይሞላዋል። ያለ መርፌው ደግሞ ሥጋዋ አይጠቀምበትም፤ ስብ ያነዳል፤ የሸተተሽ እሱ ነው። ሳትበላ አትውጊያት ያልንሽ ለጤነኛ ቀኗ ነው። ስትታመም መርፌው አይቋረጥም፤ መጠኑን እኛ እንነግርሻለን።»

«ለጉንፋኑስ? ለሱም አንድ ውጊልኝ።»

«ለሱ መርፌ የለንም። ስኳሯ ይስተካከል እንጂ ጉንፋኑን ሰውነቷ ራሱ ያባርረዋል።»

ጠርሙስ ወርዶ ሌላ ተሰቀለ። አተነፋፈሷ እየሰከነ መጣ። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁ፤ ዘይቱኑ የለም፣ የልጄ የራሷ ጠረን ብቻ! ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ላይ ታች አየችኝ።

«እማ፣ ነጠላሽስ?»

«ስብሰባ ተቀምጧል» አልኋት።

ፈገግ አለች። ያን ጊዜ እልል ልል አፌን ከፍቼ፣ የሰው ሕመምተኛ እንዳልረብሽ በእጄ ከደንሁት። ሰው የላክሁበት አባቷ ከፋብሪካ ሮጦ፣ ጥጥ እንደ ለበሰ በሩ ላይ ሲደርስ አላስጠየቅሁትም፤ «ተርፋለች፣ ደኅና ነን» አልሁት።