ሁለት ንዮማን በአንድ ቤት

ጎረቤቴ ንዮማን ጭምብል ጠራቢ ነው፤ ቁጭ ማለት አያውቅም። ሰሞኑን ደግሞ የጭምብሎቹ ፎቶ ከእሱ ኮምፒውተር ወደ ሚስቱ ኮምፒውተር አልሄድ ብሎት፣ ገመድ እየነቀለ እየሰካ ከክፍል ክፍል ሲንቆራጠጥ ከረመ።

ገብቼ አየሁለት። እኛ የባሊ ደሴት ሰዎች ሦስተኛ ልጅ ወንድ ይሁን ሴት ንዮማን እንለዋለን። ሚስቱም ሦስተኛ ልጅ ናት። ሁለቱም ለኮምፒውተራቸው የገዛ ስማቸውን አውጥተውለታል!

«አንተ ሰውዬ፣ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ንዮማን ሆነው ነው የተጋጩት። አንዱን ስም ቀይር» አልኩት።

«የሷን እንቀይረዋ!»

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተን ሳገባ ያባቴን ቤት ተውኩ። የአያቶቼን መቅደስ ትቼ የአያቶችህን መቅደስ ያዝኩ። አሁን ደግሞ ስሜን?»

ግቢውን ሁለቴ ዞረና በገዛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ ጻፈ።

አጥፍቶ ሲያበራው፣ በሚስቱ ኮምፒውተር ላይ የእሱ አዲስ ስም ብቅ አለ፦ «የንዮማን ባል»።